ዓይኔ ላይ የሚንሳፈፈው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ዓምድ ከማያመልጣቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ዛሬ ግን ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ ስለማይታየኝ መነጽር አደርጋለሁ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጃችን ነው።

ነገሩ ከጀመረኝ ሁለት ወር ገደማ ይሆነዋል። ክፍል ውስጥ እየጻፍኩ ነጩ ሰሌዳ ላይ ዝንብ ያለፈ መሰለኝና በእጄ ላባርር ሞከርኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ዝንብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ዓይኔ ሁለት ሦስት ጥቁር ነጠብጣብና አንድ የተጠማዘዘ ክር የሚመስል ነገር ይታየኛል። ትኩር ብዬ ላየው ስል ይሸሻል። ዓይኔን ሳቆም ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ስሄድ ሰማዩ ላይ በደንብ ይታየኛል፤ ማታ ቤት ውስጥ ግን ብዙም የለም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ሳለ የሚብለጨለጭ ነጥብ ታየኝ። እየሰፋ ሄዶ ጠርዙ ዚግዛግ የሆነ ብርሃን ሆነ። ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ግማሹ ጠፋብኝ። ዓይኔን ብጨፍንም አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ፤ ከዚያ ግማሽ ራሴን ሲወቅረኝ አመሸ። ያን ዕለት ጾም ስለነበር እህል አልቀመስኩም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊትም አልተኛሁም።

አባቴ በሃምሳዎቹ ዕድሜው የዓይን ብርሃኑን አጣ። ሐኪሞቹ «ግላኮማ ነው፤ ዘግይታችኋል» አሉን። እጁን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የምወስደው እኔ ነበርኩ። አሁን ተራዬ የደረሰ መሰለኝ። አንዳንዴ ደግሞ የጭንቅላት ዕጢ ነው እላለሁ። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ስለዚሁ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ይብስብኛል። ቀን ደግሞ በየደቂቃው አንድ ዓይኔን ሸፍኜ ግድግዳ አያለሁ። አንድ ጓደኛዬ መድኃኒት ቤት ወስዶ ጠብታ አስገዛኝ፤ ሳምንት ያህል ተጠቅሜ ለውጥ ስላላየሁ ተውኩት። ጓደኛዬ ግን ቀጥል ይለኛል። እናቴ ጸበል እንሂድ ትላለች። ወንድሜ በቀጥታ አዲስ አበባ ና ይላል።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በዚህ ጊዜ ላስጨንቃት አልፈልግም። እሷ ግን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ስነካካ አይታኝ ዝም ማለት ጀምራለች። ሌላ ሴት የያዝኩ ሳይመስላት አይቀርም። ምን ላድርግ? ልታወር ነው እንዴ?

መምህሩ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ወንድሜ መምህሩ፣ የመጨረሻ ጥያቄህን ላስቀድም። እሱ ካልተመለሰ ሌላውን በትክክል ማንበብ አትችልም። የጻፍክልኝ ነገር ሊታወር የተቃረበ ሰው ምልክት አይመስልም። እርግጡን ሊነግርህ የሚችለው ዓይንህን ከፍቶ ያየ ሐኪም ብቻ ነው። ሆኖም የገለጽከው ሁሉ በብዙ ሰው ላይ ከሚደርስ፣ በደንብ ከሚታወቅ ነገር ጋር ይገጥማል። እስቲ ትንሽ ተንፍስና አብረን እንየው።

የሚንሳፈፈው አንድ ነገር ነው፤ ዚግዛጉ ሌላ ነው፤ የአባትህ ሕመም ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። አንተ ሦስቱንም በአንድ ፍርሃት ጠቅልለህ ይዘሃቸዋል። ለየብቻ ብናስቀምጣቸው ሸክሙ ይቀልልሃል።

ከሚንሳፈፈው ልጀምር። የዓይናችን ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ በዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው። 99 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ በውስጡ ደግሞ በጣም ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ዝልግልግ ነገር ቦታ ቦታውን ይቀጥናል፤ ክሮቹም ይሰባሰባሉ። የተሰባሰቡት ክሮች በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ባለው፣ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን (ሬቲና) ላይ ጥላ ይጥላሉ። አንተ የምታየው ያን ጥላ ነው። ትኩር ስትልበት የሚሸሸው ዓይንህ ሲዞር አብሮ ስለሚዞር ነው። ነጭ ሰሌዳና ሰማይ ላይ የሚጎላውም ብርሃን ሲበዛ ጥላው ስለሚለይ ነው። ስለ ዕጢ ላነሳኸው ደግሞ፣ እንዲህ እየተንሳፈፈ ከዓይን ጋር የሚዞር ጥላ የሚመጣው ከዓይን ውስጥ ነው፤ የጭንቅላት ዕጢ ምልክት አይደለም።

ይህ ነገር የሚበዛው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እንዳንተ ሩቅ የማይታያቸው ሰዎች ላይ ግን ቀደም ብሎ ይመጣል። የእነሱ ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ ስለሆነ ነው። ችግሩ፣ ይኸው ረዘም ያለ ዓይን ሬቲናው ሳሳ ስለሚል ከሌላው ሰው ይልቅ የመቀደድ ስጋት አለበት። ስለዚህ «ምንም አይደል፣ እርሳው» ብዬ አልሸኝህም። ነጠብጣቡ ራሱ ብዙም አላስደነገጠኝም። ሁለት ወር ሙሉ ዓይንህን አለማስመርመርህ ግን አሳስቦኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሐኪም ጋ ያልሄድከው ሥራ በዝቶብህ ነው፣ ወይስ ለአባትህ የተባለው ለአንተም እንዳይባል ፈርተህ? ሁለተኛው ከሆነ በጣም ይገባኛል። ቢሆንም በዚህ ሳምንት ታይ።

እስከዚያው ቀጠሮ የማይጠበቅላቸውን ምልክቶች እወቅ። ነጠብጣቡ በድንገት ቢበዛ፣ በዓይንህ ዳር ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን መታየት ቢጀምር፣ ከጎን ወይም ከላይ መጋረጃ የወረደ የሚመስል ጥላ ቢገባ፣ ወይም እይታህ በድንገት ቢቀንስ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ። እሑድም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን። ሬቲና ሲቀደድ ወይም ሲላቀቅ አያምም፤ ስለማያምም ሰው «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ያድራል። ቀዳዳው ገና ሬቲናው ሳይላቀቅ ከተገኘ በዙሪያው በሌዘር ማሸግ ይቻላል፤ ታክመህ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። ከተላቀቀ ግን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ያኔ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። ዓይን ቀልቶ ከታመመና ብርሃን አላስቀምጥ ካለም ቶሎ መታየት አለበት።

ወደ ዚግዛጉ ልምጣ። ከነጥብ ተነስቶ የሰፋ፣ ዓይን ሲጨፈንም የሚታይ፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የሄደ፣ ግማሽ ራስ ምታት አስከትሎ የመጣ ብርሃን ነው። ይህ ማይግሬን የሚባለው የራስ ምታት ዓይነት በጣም የታወቀ መልክ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል። የሚነሳው እይታን ከሚያቀናብረው የአንጎል ክፍል ነው፤ ዓይን ቢጨፈንም የማይጠፋው ለዚህ ነው። አንጎል ስላልኩ ደግሞ እንዳትደነግጥ፤ ማይግሬን ዕጢ አይደለም። ያን ዕለት አልተኛህም፣ አልበላህም፣ ተጨንቀሃል፣ በላዩ ላይ ወረቀት ላይ አፍጥጠህ ነበር። ማይግሬን የሚጠራው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ጾምህን ፍታ አላልኩህም። ሳትተኛ ያደርክበትን ቀን በባዶ ሆድ ፈተና በማረም አትግፋው ነው የምልህ።

ከተመለሰ ቁጭ በል፤ መንገድ አታቋርጥ፣ ሞተርም አትንዳ። አንዱን ዓይንህን ሸፍነህ፣ ከዚያ ሌላውን ሸፍነህ እይ። በሁለቱም ከታየህ ምንጩ ዓይንህ እንዳልሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሰዓቱን መዝግብ። ከ1 ሰዓት ካለፈ፣ እጅህ ወይም እግርህ ከዛለ፣ ፊትህ ከተጣመመ፣ አንደበትህ ከተያዘ ወይም አንድ ዓይንህ ለደቂቃዎች ጭልም ብሎ ከተመለሰ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄደው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣብህ ስለሆነ ባይመለስም ለሐኪሙ ንገረው።

አሁን አባትህ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከደብዳቤህ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። የአባቱን እጅ ይዞ የመራ ልጅ ዓይኑ ላይ አንዲት ነጥብ ስታይ ቢርድ አይፈረድበትም። አንተ ያየኸውን እኛ አላየንም። ግን አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ግላኮማ ዝንብ አያሳይም፣ ክርም አያሳይም። የተለመደው ዓይነት ምንም ምልክት ሳይሰጥ ለዓመታት ይሠራል። የዓይንን ነርቭ እየጎዳ እይታን አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ይቀንሳል፤ መሐሉ እስከ መጨረሻው ስለሚቆይ ሰውየው አይታወቀውም። «ዘግይታችኋል» የተባላችሁት ቸልተኞች ስለነበራችሁ አይመስለኝም። ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሕመም ስላልሆነ ነው። ይህን ጸጸት እስከ ዛሬ ይዘኸው ከሆነ፣ እባክህ አውርደው።

ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የያዘው ሰው ከሌላው የበለጠ ያሰጋዋል፤ ሩቅ አለማየትም ስጋቱን ይጨምራል። እንግዲህ አንተ ሁለቱም አሉብህ። ያስፈራህ ነጠብጣብ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ነጠብጣብ ባይኖርህም ግን ለግላኮማ መመርመር ነበረብህ። የዓይን ግፊትህን የለካልህ ሰው አለ? መነጽር ስትቀይር ነርቭህን አይተውልህ ያውቃሉ? ግፊት ብቻ መለካት አይበቃም። ብዙ ጊዜ ልክ የሚባለው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ግን ግፊታቸው በዚህ ውስጥ ሆኖ ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ነርቩ ራሱ መታየት አለበት። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና መጠበቅ ይቻላል። አባትህ ያላገኘው ጊዜ አንተ እጅ ላይ ነው። ወንድምህም የዚያው አባት ልጅ ነውና አንተን «ና» እያለ ሲጠራ እሱም ይመርመር።

ጠብታውን በተመለከተ ጓደኛህን አትስማው። ደግ አስቦ እንዳደረገው አውቃለሁ። ነገር ግን ተንሳፋፊውን የሚያሟሟ ጠብታ የለም፤ ቫይታሚንም የለም። እቃውን አውጥተህ ስሙን አንብብ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ጠብታ ሐኪም ሳይከታተለው ሲቆይ የዓይን ግፊት ከፍ ሊያደርግና ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። አባቱ ግላኮማ የነበረበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ዳግመኛ አትጀምረው፤ ብልቃጡን ይዘህ ለሐኪሙ አሳይ።

የት ልሂድ ካልክ፣ መነጽር ቤት ብቻ ሄደህ እንዳትመለስ። እዚያ በአብዛኛው የሚለካልህ የመነጽርህ ቁጥር ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል፤ ከተማው ውስጥ የግል የዓይን ክሊኒኮችም አሉ። ለመጀመሪያ ምርመራ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ አዲስ አበባ መግባት የግድ አይደለም። እዚህ የማይሠራ ነገር ከተገኘ ራሳቸው ሪፈር ይጽፉልሃል፤ ያኔ ዳግማዊ ምኒልክም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ስትሄድ ወንድምህ ቤት ታርፋለህ።

ስትገባ ፍርሃትህን ሳይሆን ታሪክህን ነው የምትነግረው። ከቤት ሳትወጣ በአንድ ወረቀት ጻፈው፤ መቼ እንደጀመረ፣ የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ ዚግዛጉ ምን እንደሚመስል፣ አባትህ ምን እንደነበረበት፣ ምን ጠብታ እንደተጠቀምክ። ከዚያ «ብሌኔን በጠብታ አስፍታችሁ ሬቲናዬን እዩልኝ፤ ግፊቴንና የዓይን ነርቬንም እዩልኝ» በል። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ብሌንህ እስኪሰፋ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትጠብቃለህ። ከዚያ በኋላ ለአራት ለአምስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዝብሃል፤ የሐዋሳ ፀሐይም ይወጋሃል። ባርኔጣ ወይም ጥቁር መነጽር ያዝ፤ ባጃጅ ተሳፍረህ ተመለስ። የምታርመው ፈተና ካለ ለማግስቱ አቆየው። እግረ መንገድህን የደም ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ፤ ሁለቱም ሬቲና ይጎዳሉ።

ደህና ነህ ከተባልክ፣ ነጠብጣቡ በማግስቱ ይጠፋል ብለህ አትጠብቅ። ለሳምንታት፣ ምናልባትም ለወራት ይኖራል፤ ቀስ በቀስ አእምሮህ ይለምደውና ልብ ሳትለው መዋል ትጀምራለህ። ስታነብ መስመሩ ላይ ከቆመብህ ዓይንህን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው፤ ከፊትህ ዞር ይልልሃል። ከመውጣትህ በፊት ደግሞ «መቼ ተመልሼ ልምጣ?» ብለህ ጠይቅ። አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ማየት ያስፈልጋል።

ከእናትህ ጋር ጸበል ሂድ። ጸሎቷም፣ አብራህ መሄዷም ያበረታሃል። ከምርመራው በኋላ ይሁን፣ ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘልህም ጸበሉ መድኃኒቱን አያስቀርብህ። እናት ናትና ቀስ ብለህ ካስረዳሃት ትረዳሃለች ብዬ አምናለሁ።

በየደቂቃው ዓይን መሸፈኑ ግን እየጎዳህ ነው። በፈለግከው ቁጥር የበለጠ ታየዋለህ። ሙሉ በሙሉ ተወው ብልህ አትችልም። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ፊትህን ከታጠብክ በኋላ፣ አንዱን ዓይን ሸፍነህ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እይ፤ ከዚያ ሌላውን። አዲስ ነገር ከሌለ የዚያ ቀን ምርመራ አለቀ። ስልኩ ደግሞ ሌሊት ሳሎን ይደር። እንቅልፍ ማጣት ማይግሬንህን ይቀሰቅሳል፤ ስልኩ ደግሞ ስለ አንተ ዓይን የሚያውቀው አንድም ነገር የለም።

ስለ ባለቤትህ ሳስብ ግን ልቤ አዘነ። እናትህ ታውቃለች። ወንድምህ ያውቃል። ጓደኛህ ያውቃል። የማታውቀው አጠገብህ የምትተኛዋ ብቻ ናት። ላስጨንቃት አልፈልግም ብለሃል፤ እውነትህን ነው፣ ስለምትወዳት ነው። ግን አሁንም እየተጨነቀች ነው፤ ያውም ባልሆነ ነገር። በሰባተኛ ወሯ፣ ሌሊት ባሏ ስልክ ሲደብቅ የምታይ ሴት ምን ምን የምታስብ ይመስልሃል? ከእውነቱ ይበልጥ የሚከብዳት ይኸው ነው።

ዛሬ ማታ እራት ከበላችሁ በኋላ ንገራት። እኩለ ሌሊት አይሁን፣ በስልክም አይሁን። ስልክህን ከፍተህ ስትፈልግ ያመሸኸውን አሳያት፤ ምን ስታይ እንደነበር በዓይኗ ትየው። ረጅም ነገር አያስፈልግም። «ዓይኔ ላይ ነጠብጣብ እያየሁ ነው፤ አባቴን እያሰብኩ ፈራሁ፤ እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ። በዚህ ሳምንት ልመረመር ነው፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» በላት። መጀመሪያ ብትቆጣ አይግረምህ፤ ብታለቅስም ዝም ብለህ ስማት። የቀጠሮው ቀን ይዛህ ትምጣ፤ ብሌንህ ሰፍቶ ስትወጣ የሚመራህ ሰው ያስፈልግሃልና።

እሷ ማወቅ ያለባት ሌላም ነገር አለ፤ ይህን አደራ ብዬ ነው የምነግርህ። በእርግዝና ጊዜ፣ በተለይ ከአምስተኛው ወር ወዲህ፣ ዓይን ላይ ብልጭታ መታየት ወይም እይታ መደብዘዝ የደም ግፊት መጨመር ምልክት ሊሆን ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካየች አንተ እንዳደረግከው ሁለት ወር ቀርቶ አንድ ሌሊትም አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዳት። በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትሏ አብረሃት ግባና የደም ግፊቷ ስንት እንደሆነ ጠይቅ።